ከድሬዳዋ እስከ ኤጀርሳ ጎሮ፦ ስሞችን ተከትዬ

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን መንገድ በስሞቹ ብቻ ማንበብ ይቻላል። ደብረ ዘይት የነበረችው ዛሬ ቢሾፍቱ ናት። ናዝሬት አዳማ ሆናለች። አሰበ ተፈሪ ደግሞ ጭሮ። ከላይ የወጣ ስም ዘመን ሲለወጥ ይነሳል፤ ሰው በየቤቱ ሲጠራበት የኖረው ይመለሳል። ድሬዳዋና ሐረር ግን ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣሉ። እዚያ ስም ሁሉ ታሪክ አለው፤ ከብዙዎቹ ጀርባም አንድ ሰው ቆሟል። ይህን ጉዞ ለረጅም ጊዜ ስመኘው የኖርኩትም ለዚህ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ድሬ ልጃቸው ጋ እየሄዱ ነበር። ቁልቢ ስንደርስ ነጠላቸውን አስተካክለው በመስኮት ተሳለሙ። "ይኸውልህ ልጄ፣ ይህን ልጅ ያገኘሁት ከዚህ ነው" አሉኝ። ተስለው፣ ተሰምቶላቸው፣ ጃንጥላ አስገብተዋል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይህ ዳገት በሰው እንደሚሞላ የማያውቅ የለም። ቁልቢ በኦሮምኛ ሽንኩርት መሆኑን ግን እሳቸው አልሰሙም ነበር። ነገርኳቸው። "እሰይ! ታዲያ ሽንኩርት የሌለው ቤት የት አለ?" አሉና ሳቁ። ደስ የሚል መልስ ነው።

የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። የአድዋ ዘመቻ ስለታቸው ነው ይባላል። በ1898 ዓ.ም. ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ታመው ያረፉትም እዚሁ ቁልቢ ነው። እሳቸውን ሐረር ላይ ደግመን እናገኛቸዋለን።

ደንገጎን ጨርሰን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ከአውቶቡሱ ገና እግሬን ሳላወጣ "ዋርያ! ወዴት ነው?" የሚል ጥሪ ሰማሁ። "ዋርያ" ከሶማሊኛ የመጣ ነው፤ ድሬ ላይ ግን የማንም ነው። አማራው ይለዋል፣ ኦሮሞው ይለዋል፣ ሐረሪው ይለዋል። ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ስለ ባጃጅ አንድ ነገር ልበል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠራው አስቡት። የሰው ስም ነው። ጃምናላል ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ1889 የተወለደ ሕንዳዊ ነጋዴ ነበር። የጋንዲ የቅርብ ተከታይ ሆኖ ለነጻነት ትግሉ እስር ቤት ገብቷል። ጋንዲም እንደ ልጃቸው ያዩት ነበር። ባለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ የመጣው ከእሱ ሞት በኋላ ነው። ስሙ ግን ከቤተሰቡ ድርጅት ጋር ተሳፍሮ ድሬ ገባ። ለሾፌሩ ይህን ሳወራለት ዞር ብሎ አየኝና "አቦ፣ እውነት? እኔ እኮ የብረቱ ስም ይመስለኝ ነበር" አለኝ። እስክንደርስ ድረስ ስለ ጋንዲ ጠየቀኝ። የምችለውን መለስኩለት።

አርብ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። አፄ ምኒልክ የባቡር ሥራውን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. የሰጡት ለስዊዘርላንዱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ነው። ኢልግ መሐንዲስ ነበር፤ ቀስ በቀስ የንጉሡ ዋና አማካሪ ሆነ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ተራራው ግን አላስገባም፤ ወጪው የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ባቡሩ ታች ሜዳው ላይ ቆመ። በ1895 ዓ.ም. መስመሩ ሲደርስ ለአዲሱ ከተማ የተሰጠው ስም "አዲስ ሐረር" ነበር።

ዛሬ ድሬ ውስጥ "አዲስ ሐረር የት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ማን ይመልስላችኋል? ስሙ ወረቀት ላይ ቀረ። ሰዉ ቦታውን ድሮም በሚጠራበት ጠራው። ስለ ድሬዳዋ ትርጉም ሁሉም የራሱን ይዟል። ሶማሌው "ድር ጦሩን የተከለበት" ይለዋል፤ ድር የጎሳው አባት ነው። በኦሮምኛ ድሬ ሜዳ ነው። "ዳዋ"ን ደግሞ ወደ መድኃኒት የሚወስዱት አሉ። እኔ አንዱን መርጬ ሌላውን መጣል አልፈልግም። ከተማዋ ራሷ እንዲህ ናት፤ አንዱ ቤት ብዙ ቋንቋ ይሰማል።

ጠዋት ምድር ባቡር ጣቢያው ጋ ሄድኩ። የድሮው ባቡር፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ቆይቷል። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በር ላይ ጥላ ፈልገው የተቀመጡ ጡረተኛ አገኘሁ። የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። "ጋሼ፣ ፈረንሳይኛ ይችላሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "የመፍቻውን ስም፣ የብሎኑን ስም፣ የቦይለሩን ስም እችላለሁ። ለፍቅር የሚሆን አልተማርኩም" አሉኝ። የድሮ ሠራተኞች ሥራውን የተማሩት በፈረንሳይኛ ነው። "ለገሃር" ራሱ ከዚያው መጣ፤ ጣቢያው ማለት ነው። አዲስ አበባም ድሬም ይህን ስም ይዘዋል፤ ያስተማሩት ፈረንሳዮች ከሄዱም በኋላ።

ከዚያ ሰፈሮቹን ዞርኩ። ከዚራ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ፣ መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ የባቡሩ ሰዎች ሰፈር ነው። መጋላ ከደቻቱ ወዲያ ማዶ ነው፤ ስሙ ከተማ ወይም ገበያ ማለት ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ግን ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ድሬዎች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እኔም ድልድዩ ላይ ብዙ አልቆየሁም። ሌሎቹ የሰፈር ስሞች ግን ሰውን ፈገግ ያሰኛሉ። ግሪክ ካምፕ አለ። ነምበር ዋን አለ። ታይዋን የሚባል ገበያ አለ፤ ዕቃው የሚመጣበትን አገር ሰዉ ለገበያው ሰጠው። "ገንደ" የሚል የሚቀድማቸው ብዙ ናቸው፤ ገንዳ በኦሮምኛ መንደር ነው።

ከሰዓት በኋላ ስለ አሊ ቢራ ማውራት የማይፈልግ ሰው አላገኘሁም። ድሬ የወለደችው ትልቅ ድምፅ ነው። ስሙ አሊ መሐመድ ሙሳ ነበር። ገና ልጅ እያለ ከአፍረን ቀሎ የኪነት ቡድን ጋር ሆኖ መጀመሪያ የዘፈነው "ቢራ ዳ በሪኤ" የሚለውን ነው። ቢራ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሜዳው ሲያብብ ያለው ወቅት ነው። አድማጩ ልጁን በዘፈኑ ጠራው፤ አሊ ቢራ። የአባቱን ስም የተካለት መዝጋቢ የለም፣ ማስታወቂያም የለም። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ብቻ ነው። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ ዘፈነ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ድሬ ከልቧ አለቀሰች።

የቡድኑ ስምም የራሱ ነገር አለው። አፍረን በኦሮምኛ አራት ነው። አፍረን ቀሎ የቀሎ አራት ልጆች ማለት ነው፤ አላ፣ ባቢሌ፣ ኦቦራ፣ ዳጋ። ከሐረር ወደ ጅጅጋ ስትሄዱ የምታገኟት፣ አምቦ ውኃዋን የምትጠጡላት ባቢሌ ከአራቱ አንዱ ናት።

ቀኑ ሳይመሽ ስለ ዋሻው ልጨምር። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ገደሉ ላይ ያለው ዋሻ "ፖርክ ኤፒክ" ይባላል። በፈረንሳይኛ ጃርት ነው። ከአጥኚዎቹ አንዱ ቴያር ደ ሻርዳን የኢየሱሳውያን ቄስም፣ የቅሪተ አካል ተመራማሪም ነበር። አብሮት የነበረው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ደግሞ ዕንቁ ነጋዴ፣ የጦር መሣሪያ አሻጋሪና ጸሐፊ ነው። ሁለት እንዲህ የማይመሳሰሉ ሰዎች አንድ ዋሻ ውስጥ! እ.ኤ.አ. በ1933 በተደረገው ቁፋሮ የጥንት ሰው መንጋጋ ተገኘ። ከዋሻው 40 ኪሎ የሚሆን ቀይና ቢጫ የቀለም አፈርም ወጥቷል፤ ወደ 40,000 ዓመት ዕድሜ አለው። እነዚያ ሰዎች ቀለም እየፈጩ ምን ይባባሉ ነበር? ስማቸውን ባውቅ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ

በሚኒባስ ወደ ሐረር። ዳገቱን ወጥተን ሐረማያ ስንደርስ ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ነው። በአማርኛ ዓለማያ ሲባል የኖረው ዩኒቨርሲቲ በ1998 ዓ.ም. ሐረማያ ተብሎ ስሙ ተስተካክሏል። የሚያሳዝነው ስሙ የተስተካከለው ሐይቁ ደርቆ በነበረበት ሰሞን መሆኑ ነው። አሁን ግን ውኃው ተመልሷል። ዳርቻው ላይ ወፎች አየሁ፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

እዚህ ሐይቅ ላይ የአንድ መምህር ሕይወት አልፏል። አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ይባላሉ። የልጅ ተፈሪ መኮንን አስተማሪ ነበሩ። በ1907 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ የሐረር ገዥ ሳሉ የተሳፈሩባት ጀልባ ሰጠመች። ተፈሪ ተረፉ። አባ ሳሙኤል አልተረፉም። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ መምህራቸው እስከ እርጅናቸው ድረስ በአክብሮት ይናገሩ ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ ሳስብ፣ ያን ቀን ተገላቢጦሽ ሆኖ ቢሆን ኖሮ የኢትዮጵያ ታሪክ ምን ይመስል ነበር አልኩ። ስንቱ ያውቃል የእኚህን መምህር ስም?

አወዳይን በጫት ጭነት መኪኖች መካከል ተሽሎክልኮ ማለፍ ነው። ከዚያ ሐረር።

ሐረሪዎች ከተማቸውን ሐረር አይሏትም፤ "ጌ" ይሏታል። ከተማ ማለት ነው። እነሱ "ጌ ኡሱእ"፣ የከተማ ሰው ናቸው፤ ቋንቋቸው "ጌ ሲናን"፣ የከተማ ቋንቋ። ድሮ ሌላው ሰው "አደሬ" ይላቸው ነበር፤ ዛሬም በልማድ የሚል አለ። እነሱ የመረጡት ግን ሐረሪን ነው፤ በመረጡት መጥራት ደግ ነው።

ጀጎል ግንቡም ነው፣ በግንቡ ውስጥ ያለው ከተማም ነው። አሚር ኑር ቢን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሠሩት። በሮቹ አምስት ነበሩ፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ስም አላቸው። አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር የሚለውን ሐረሪው አስማዲን በሪ ይለዋል። ኤረር በር አርጎብ በሪ ነው። ቡዳ በር በድሮ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ። ሸዋ በር ወደ ሸዋ የሚወስድ ነው፣ ኤረር በር ወደ ኤረር። የመንገደኛ ስም ነው፤ ሰው የሚሄድበትን ይጠራል። ግንቡ ሥር ደግሞ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ "ወራባ ኑዱል" ይሏቸዋል። ወራባ ጅብ ነው። ለጅብ በር የሠራ ከተማ ሌላ የት አለ?

ፈረስ መጋላ ላይ የድሮዎቹ ፔጆዎች አሁንም ቆመው ይጠብቃሉ። 404 ናቸው፤ ሐረር ከሌላው ከተማ በፊት የምትታወቅበት ታክሲ። ቁጥሩም ወግ አለው። ፔጆ መሐሉ ዜሮ የሆነ ባለሦስት አኃዝ ስም የራሴ ነው ብሎ አስመዝግቦ ነበር። ፖርሽ 901 የሚል መኪና እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያወጣ ፔጆ ተቃወመ፤ መኪናው 911 ተባለ። ዓለም በሙሉ የሚያውቀው የፖርሽ ስም ያገኘው የሐረር ታክሲዎች ወንድም ባስነሳው ክርክር ነው።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ነው። ከዚህ ጉዞ አንድ ስም ምረጥ ብትሉኝ እሱን እመርጣለሁ። መኪናው የስፌት መኪና ነው። ግርግሩ ድምፁ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በሱቆቻቸው ደጃፍ፣ በሁለቱም በኩል ተደርድረው ሲረግጡ መንገዱ ሁሉ ግርርር ይላል። አንድ ሽማግሌ ጋ ቆምኩ። የግራ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር በመርፌ ብዛት ተሰንጥቆ ደድሯል። ጨርቁን በሁለት ጣት ይዘው ዓይናቸው ሌላ ቦታ እያየ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ዳር ላይ ሲደርሱ መንኮራኩሩን በመዳፋቸው ያዝ ያደርጉታል፤ ይቆማል። "አባባ፣ ስንት ዓመት ሠሩበት?" አልኳቸው። "እሱ እኔን ነው የሠራኝ። አባቴም እዚሁ ነበሩ" አሉኝ።

ጥቁሩ ማሽን ላይ በደበዘዘ ወርቅማ ቀለም "ሲንገር" ተጽፏል። አይዛክ ሜሪት ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1811 ተወልዶ ለዓመታት የቲያትር ተዋናይ ሆኖ የተንከራተተ አሜሪካዊ ነው። በ1851 የስፌት መኪናውን በስሙ አስመዘገበ። ከተለያዩ ሴቶች ከ20 በላይ ልጆች ወልዷል። ሀብቱ ገነነ፤ ስሙም ከኒው ዮርክ እስከ መኪና ግርግር ደረሰ። ለአባባ ይህን ስነግራቸው የልጆቹ ቁጥር ላይ ስደርስ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። "ሃያ? ልብሳቸውን ማን ሰፋ?"

እሁድ

ጠዋት "ራምቦ ቤት" ሄድኩ። ልጆቹ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ፣ ግጥም ከተወ በኋላ፣ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ገባ። ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጧል። በ1891 ማርሴይ ሆስፒታል ውስጥ በ37 ዓመቱ ሞተ። በስሙ የሚጠራው የሚያምር የእንጨት ቤት በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ራምቦ አልኖረበትም። ሐረር ግን ቤቱን ሰጠችው፤ ስለ ሰጠችውም ቤቱ ተጠብቆ ቆየ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ስም ነው። ጃሚ። ራምቦ ሐረር ሲኖር የሚያገለግለው ወጣት ነው። ራምቦ እግሩ ተቆርጦ በሞት አልጋ ላይ ሳለ የሚጠራው ይህን ስም ነበር። ከገንዘቡም 3,000 ፍራንክ ለጃሚ እንዲደርስ ተናዘዘ። እህቱ ኢዛቤል ገንዘቡን በሐረር ካቶሊክ ሚሲዮን በኩል ላከች። ጃሚ ግን ሞቶ ነበር፤ ለወራሾቹ ተሰጠ። ራምቦ ቤት አለ፤ ጃሚ ቤት አላየሁም። ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ከምር ነው የምለው።

ከዚያ ወደ ራስ መኮንን እንመለስ። የድሮ መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። ራስ መኮንን አባ ቃኘው። ልጃቸው ንጉሥ ሆነው በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ጦር ሲልኩ ሻለቃውን "ቃኘው" አሉት። የሐረሩ ገዥ ፈረስ ስም እንዲህ ባሕር ተሻገረ። የቃኘው ወታደሮች አንድም ሰው ሳይማረክባቸው ተመለሱ። አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያም ይህንኑ ስም ይዞ ነበር። ከአንድ ፈረስ ይህን ያህል!

ሐረር ውስጥ ግን የሚበዛው የቅዱሳን ስም ነው። ጀጎል በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች ተቆጥረዋል። ወንዶቹ "አው" ይባላሉ፣ አባት እንደ ማለት ነው፤ አው አባድር፣ አው ሐኪም። ሴቶቹ "አይ" ናቸው፣ እናት፤ አይ አቢዳ። ከከተማው በላይ ያለው ሐኪም ተራራም የሼኹ ስም ነው። እንግዳ ሰው ግን ሁልጊዜ "ሆስፒታል አለበት?" ብሎ ይጠይቃል፤ አስጎብኚዬ እየሳቀ ነገረኝ።

ሰኞ

የመጨረሻው ጉዞ ኤጀርሳ ጎሮ ነው። ከሐረር በሚኒባስ የሚደረስባት ትንሽ ከተማ ናት። ኤጀርሳ በኦሮምኛ ወይራ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. የራስ መኮንንና የወይዘሮ የሺመቤት አሊ ልጅ እዚህ ተወለደ። እናቱ የሞቱት ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። የዓለም ስሙ ተፈሪ ነበር። ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስሙ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ተፈሪ ቀረ፤ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። ገንዘቡ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ላይ፣ ሆስፒታሉ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ላይ የተጻፈው አዲሱ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ እሱም ከብዙ ቦታ ተነሳ። ጃማይካ ግን የያዘችው የድሮውን ነው። እነዚያ ድኾች ቄስ ሳያጠምቃቸው፣ ባለሥልጣን ሳያዛቸው፣ "ራስ ተፈሪ" የሚለውን ማዕረግና የልጅነት ስም አንድ ላይ አድርገው ሃይማኖታቸውን ራስተፈሪ አሉት። ንጉሡ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲደርሱ የአውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ተጥለቀለቀ፤ ከአውሮፕላኑ ለመውረድ እንኳ ተቸግረው ነበር። ያን ቀን ራስተፈሪያን ዛሬም በየዓመቱ ያከብሩታል።

ሻይ ቤት ውስጥ ለአንድ ተማሪ ይህን አጫወትኩት። ቦብ ማርሌን ያውቃል፣ ሪትሙንም ያውቀዋል። የቃሉ መነሻ የእሱ መንደር ልጅ መሆኑን ግን አሁን ነው የሰማው። ደብተሩን አወጣና "ኪንግስተን በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ካርታውን አብረን ሣልን።